ነፋስም ሚዛን ይሻል

ነጋዴ ያለ ሚዛን አይነግድም። ቡናው በፈረሱላ፥ ወርቁ በወቄት፥ ጨርቁ በክንድና በሜትር፥ እህሉ በቁናና በኩንታል እየተለካ ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። መለኪያ በጠፋበት ገበያ የሚቀረው ግምት ነው፤ ግምትን ተከትሎ የሚመጣውም ክርክር ነው። ዛሬ በዚህ ዐምድ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንድ አንባብያን ከሱቅና ከመጋዘን የራቀ መስሎ ይታያቸው ይሆናል። መሠረቱ ግን ያው የሚዛን ነገር ነው። አገራችን በብዙ ገንዘብ መሣሪያ እያስመጣች ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጠው፥ ወደፊትም በይበልጥ ልትለውጠው የምታስበው አንድ ሀብት አለ፤ እርሱም ነፋስ ነው።

ባለፈው መጋቢት ወር፥ የአቦ ክብረ በዓል በዋለ ማግስት፥ በመካኒሳ አቦ ከሚገኙት ሱቆች ወደ አንዱ ምስርና ስኳር ለመግዛት ገብተን ነበር። ውጭ የመጋቢት ነፋስ አቧራውን እያነሣ በሱቁ ደጅ የተዘረጋውን ሸራ ያንገላታዋል። ምስሩ በኤሌክትሪክ በሚሠራው ሚዛን ላይ እንደ ተቀመጠ መብራት ጠፋ፤ የሚዛኑም ቁጥር አብሮ ጠፋ። ዕድሜያቸው የገፋው ባለሱቅ ሳይደናገጡ ከመደርደሪያው ሥር ሁለት ሳሕን ያለውን አሮጌ ሚዛን አወጡና ሥራቸውን ቀጠሉ። የሚረዳቸው ወጣት ወደ ደጅ እየተመለከተ፥ «ጋሼ፥ ይህ ሁሉ ነፋስ እየነፈሰ መብራት መጥፋቱ አይገርምም?» ቢላቸው፥ «ልጄ፥ ነፋሱስ አለ፤ ማን መዘነው? ያልተመዘነ ነገር ይሸጣል እንዴ?» ብለው መለሱለት።

በእርግጥ የአንድ ሱቅ መብራት የሚጠፋው ከምንጩ ኃይል በማነሱ ብቻ አይደለም፤ በመስመርና በትራንስፎርመር ብልሽትም ሊሆን ይችላል። ይህን የነፋስ ማመንጫ አይጠግነውም። የባለሱቁ ጥያቄ ግን ከዚያች ሱቅ በላይ የሚሄድ ስለ ሆነ እዚህ ልናነሣው ወደድን።

መካኒሳ አቦ የሚገኝበት ክፍለ ከተማ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ቀደምቶቻችን ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፈውን መልእክት ባዩ ጊዜ «ነፋስ ስልክ» ብለው በሚያምር አማርኛ ሰየሙት፤ ስሙም ከሰፈሩ ጋር ቀረ። በዚያን ጊዜ ነፋሱ መልእክት ተሸካሚ እንጂ ተናጋሪ አልነበረም። ዛሬ ግን ነፋሱ ራሱ በምን ያህል ፍጥነትና ወዴት እንደሚነፍስ ከመሬት ሆኖ የሚጠይቅና መልሱን የሚቀበል መሣሪያ ተገኝቷል። መሣሪያው ሊዳር ይባላል፤ የሚሠራውም በሌዘር ብርሃን ነው።

ስለ መሣሪያው ከመናገራችን በፊት ገበያውን እንመልከት። በመቀሌ አጠገብ የሚገኘው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲመረቅ 84 ተርባይኖች ነበሩት፤ ኃይሉም 120 ሜጋዋት ነበር፤ ወጪውም ወደ 210 ሚሊዮን ዩሮ ይጠጋል። በአዳማ የመጀመሪያው ማመንጫ በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጠናቀቀ። ሁለተኛው አዳማ ደግሞ 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋዋት ኃይል ይዞ እ.ኤ.አ. በ2015 ተመረቀ፤ 345 ሚሊዮን ዶላርም ፈጀ። ከዚያም ወዲህ በሶማሌ ክልል በአይሻ፥ በአርሲም በኢተያ አጠገብ የአሰላው ማመንጫ ተከትለዋል። የእነዚህ ሁሉ ዋና ዋና ዕቃዎች ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ዋጋቸውም በዩሮና በዶላር የተተመነ ነው፤ ብድራቸውም የሚከፈለው በዚያው ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ ከየት እንደሚገኝ ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን መንገር አያስፈልግም፤ ከቡናው፥ ከሰሊጡ፥ ከአበባውና ከወርቁ ነው። በተለይም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ አንድ ዶላር በከንቱ ቢባክን ኪሳራው በብር ሲቆጠር ምን ያህል እንደሚከብድ አስመጪው ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ የጉዳዩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ነፋስን እንደ ሌላው ሸቀጥ በግምት ለመግዛት የሚከለክል አንድ የተፈጥሮ ሕግ አለ። ነፋስ የያዘው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ኮረብታ ላይ ነፋሱ በሰከንድ 7 ሜትር ይሄዳል ብሎ ቢገምትና እውነተኛው ፍጥነት 6.3 ሜትር ሆኖ ቢገኝ፥ በፍጥነቱ የተሳሳተው ከአሥር አንድ እጅ ብቻ ነው፤ በነፋሱ ውስጥ ያለው ኃይል ግን ከገመተው በ27 በመቶ ያንሳል። ተርባይን ሙሉ ኃይሉ ላይ ከደረሰ በኋላ ነፋሱ ቢጨምርም እርሱ ስለማይጨምር፥ በዓመቱ ምርት ላይ የሚታየው ጉድለት ከዚህ ለዘብ ይል ይሆናል፤ ሆኖም ከስሕተቱ መጠን በላይ መሆኑ አይቀርም። በኪሎ ላይ አንድ መቶ ግራም የሚሰርቅ ሚዛን አንድ መቶ ግራም ብቻ ይሰርቃል። በነፋስ ላይ የሚሰርቅ ሚዛን ግን ከሰረቀው በላይ ያስከፍላል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነፋስ የሚለካው በምሰሶ ነበር፤ ዛሬም ይኸው ዘዴ በሥራ ላይ ነው። ረጅም የብረት ምሰሶ ተተክሎ በየከፍታው በነፋስ የሚሽከረከሩ፥ ትንንሽ ጽዋ የመሰሉ መለኪያዎች ይሰቀሉበታል። የአሸጎዳው ነፋስ አስቀድሞ በዚህ ዓይነት ምሰሶ መጠናቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ተርባይኖች ከዓመት ወደ ዓመት እየረዘሙ ሄደዋል። ለአሰላ የተመረጠው ዓይነት ተርባይን ክንፉ የሚዞርበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 132 ሜትር ነው፤ የክንፉም ጫፍ ከመሬት ወደ 150 ሜትር ከፍታ ይወጣል። እዚያ ድረስ የሚደርስ ምሰሶ ማቆም ብዙ ብረት፥ ብዙ የማጠንከሪያ ገመድ፥ ብዙ ሰፊ ቦታና ብዙ ጊዜ ይጠይቃል። ምሰሶው አጭር ከሆነ ደግሞ ከበላዩ ያለው ነፋስ በሒሳብ ይገመታል እንጂ አይለካም። አንዴ ከተተከለም ወደ ሌላ ኮረብታ ማዛወር ቀላል አይደለም።

ሊዳር ይህን ችግር በሌላ መንገድ ይፈታዋል። አሠራሩን የአገራችን ገበሬ ከጥንት ያውቀዋል ብንል ሐሰት አይሆንም። ገበሬው በአውድማው ላይ እህሉን በላይዳ ወደ ላይ ሲበትን ዐይኑ የሚያየው ነፋሱን አይደለም፤ ነፋስ አይታይምና። የሚያየው ገለባውን ነው። ገለባው ርቆ ከወደቀ ነፋሱ በርትቷል፤ ከእግሩ ሥር ከወደቀ ደክሟል፤ የወደቀበትም አቅጣጫ የነፋሱን አካሄድ ይነግረዋል። ሊዳርም እንዲሁ ነፋሱን አያይም። በአየር ላይ የሚንሳፈፉትን ለዐይን የማይታዩ ብናኞች፥ አቧራውንና የአበባውን ዱቄት ያያል፤ እነርሱ ከነፋሱ ጋር እኩል ይጓዛሉና።

መሣሪያው ከአንድ ሣጥን የማይበልጥ ሆኖ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ በፒካፕ መኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ በፀሐይ ኃይልም ሊሠራ ይችላል። ከሣጥኑ ውስጥ የማይታይ የሌዘር ብርሃን ወደ ሰማይ ይላካል። ከዚያ ብርሃን እጅግ ጥቂቱ ብናኞቹን ነክቶ ወደ መሣሪያው ይመለሳል። የአምቡላንስ ጩኸት ወደ እኛ ሲመጣ ቀጥኖ፥ አልፎን ሲሄድ ደግሞ ወፍሮ እንደሚሰማን ሁሉ፥ ከሚጓዝ ብናኝ የተመለሰ ብርሃንም ንዝረቱ በጥቂቱ ይለወጣል። ይህን ሕግ ዶፕለር የተባለው ኦስትሪያዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1842 ገልጾታል። ብናኙ ወደ መሣሪያው ከመጣ ንዝረቱ ይጨምራል፤ ከሸሸ ይቀንሳል፤ የለውጡም መጠን የነፋሱን ፍጥነት ይናገራል። የብናኙ ከፍታ ደግሞ ብርሃኑ ሄዶ እስኪመለስ በፈጀው ጊዜ ይታወቃል፤ 100 ሜትር ወጥቶ ለመመለስ ብርሃን የሚፈጀው ከአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። ብርሃኑ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ተራ በተራ ስለሚላክ ውጤቱ ተጣምሮ ፍጥነቱንም አቅጣጫውንም ይሰጣል። በዚህ ዓይነት ከ40 እስከ 200 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ያለው ነፋስ በየደረጃው ይለካል፤ ምሰሶም አያስፈልግም።

የዚህን ሚዛን ረቂቅነት በነጋዴ ቋንቋ ለመግለጽ እንሞክር። ብዙዎቹ ሊዳሮች የሚጠቀሙበት ብርሃን በሰከንድ ወደ 193 ትሪሊዮን ጊዜ ይነዝራል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ ነፋስ በዚህ ላይ የሚያመጣው ለውጥ 13 ሚሊዮን ንዝረት ያህል ነው፤ ይኸውም ከ15 ሚሊዮን አንድ እጅ መሆኑ ነው። ይህ ማለት 150 ኩንታል እህል ሲመዘን የአንዲት ግራም ልዩነት ለይቶ እንደሚያውቅ ሚዛን ነው። ሌዘር የሚለው ስም ለሚያስፈራው ሰውም፥ እነዚህ መሣሪያዎች የሚሠሩበት ብርሃን የሰውን ዐይን እንዳይጎዳ ተመርጦና ተመጥኖ መሆኑን መግለጽ ይገባል።

ይህ ሁሉ ለነጋዴው ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር አበዳሪውን እንዲያስብ እንጠይቀዋለን። ለነፋስ ማመንጫ ገንዘብ የሚያበድር ባንክ የሚያየው በአማካይ ይገኛል የተባለውን ምርት ብቻ አይደለም፤ ከአሥር ዕድል በዘጠኙ የማይጎድለውን ምርት ነው። ሁለት ጥናቶች ቀርበው ሁለቱም አማካይ ምርቱን 100 አሉ እንበል። የአንደኛው ጥርጥር 15 በመቶ ቢሆን ባንኩ በእርግጠኝነት የሚቆጥረው 81 ያህል ነው። በተሻለ ልኬት ጥርጥሩ ወደ 8 በመቶ ቢወርድ ግን 90 ያህል ይቆጥራል። ነፋሱ አልተለወጠም፤ ተርባይኑም ያው ነው፤ የተለወጠው ሚዛኑ ብቻ ነው። ሚዛኑ በመስተካከሉ ግን ብድሩ ይሰፋል፥ ወለዱም ይቀላል። የቡና ላኪዎቻችን ይህን ምሥጢር ያውቁታል፤ ተቀምሶ ደረጃ የወጣለት ቡናና ናሙናው ያልታየ ቡና በአንድ ዋጋ አይሸጡም።

ይሁን እንጂ ሊዳርን ያለ ጉድለት አድርገን ብናቀርበው አንባብያንን ማሳሳት ይሆንብናል። አየሩ እጅግ ሲጠራ ብናኝ ያንሳልና ምልክቱ ይደክማል፤ ጉም ሲወርድና ዝናብ ሲጥልም ይቸገራል። ከሁሉም በላይ ለአገራችን የሚያሳስበው የመሬቱ ነገር ነው። መሣሪያው ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ የላከውን ብርሃን ሲያጣምር ነፋሱ በሁሉም በኩል አንድ ነው ብሎ ያስባል፤ ገደልና ተራራ ባለበት ስፍራ ግን ነፋሱ በአንዱ በኩል ወጥቶ በሌላው በኩል ይወርዳል። ስለዚህ በሜዳ ላይ ታማኝ የሆነው ሚዛን በገደል አፋፍ ላይ ሊዋሽ ይችላል፤ በሒሳብም መታረም ይኖርበታል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ደረጃ ሊዳርን ለተርባይን መፈተኛ የተቀበለው አቀማመጡ ቀላል ለሆነ መሬት፥ ያውም ምሰሶ በአጠገቡ ምስክር እንዲሆን አድርጎ ነው። በተጨማሪም ደጋችን ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ወለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀላል፤ ኃይሉም በዚያው መጠን ያንሳል። ስለዚህ ከፍጥነቱ ጋር ሙቀቱንና የአየሩን ግፊት አብሮ መለካት ግድ ነው።

በመካኒሳ አቦ ያየናቸው ባለሱቅ መብራቱ ሲመለስ ያደረጉት ነገር ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሆነናል። የኤሌክትሪኩ ሚዛን እንደ በራ ወዲያው አልሸጡበትም። በመጀመሪያ ባለ አንድ ኪሎውን ብረት አኖሩበት፤ ቁጥሩ ከብረቱ ጋር መስማማቱን አዩ፤ ከዚያ በኋላ ደንበኛቸውን አስተናገዱ። ሊዳርም እንዲሁ ከታመነ ምሰሶ አጠገብ ተፈትኖ፥ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ ሥራ መግባት ይኖርበታል።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንደኛው፥ «ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋዋት ከተመረቀ በኋላ የነፋስ ነገር ምን ያደርግልናል?» የሚል ነው። መልሳችን ግድብና ነፋስ ተፎካካሪዎች ሳይሆኑ ባልንጀራዎች ናቸው የሚል ነው። በብዙው ደጋችን ነፋሱ የሚበረታው ወንዙ በሚጎድልበት በደረቁ ወራት ነው። ነፋስ እንደ ወተት ነው፤ ባለበት ሰዓት ካልተጠቀሙበት ያልፋል። ግድብ ግን እንደ ጎተራ ነው። ነፋሱ ሲኖር የነፋሱን ተጠቅሞ ውኃውን መቆጠብ፥ ነፋሱ ሲተኛ ጎተራውን መክፈት የቤት እመቤት የምታውቀው ብልሃት ነው። ኤሌክትሪክ ለጂቡቲ፥ ለሱዳንና እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለኬንያ የተሸጠ የውጭ ንግድ ዕቃ መሆኑንም አንርሳ። ላኪ ነኝ የሚል ደግሞ በጎተራው ያለውን ብቻ ሳይሆን ነገ የሚገባለትንም ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ «የዓለም ባንክና የዴንማርክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁት የዓለም የነፋስ አትላስ በነፃ ይገኛል፤ ታዲያ ለምን ገንዘብ እናወጣለን?» የሚል ነው። አትላሱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የት እንፈልግ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ነገር ግን በየ250 ሜትሩ በሒሳብ የተሰላ ግምት እንጂ በየኮረብታው የተደረገ ልኬት አይደለም። የገበያ ወሬ ሰምቶ ወደ ገበያ መሄድ መልካም ነው፤ በወሬው ብቻ ውል መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው።

የመሣሪያው ጥቅም በኤሌክትሪክ ብቻ የተወሰነ አለመሆኑንም ባጭሩ እናመልክት። የሆንግ ኮንግ አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2002 ሊዳር ተክሎ፥ ከተራሮቹ እየተነሣ አውሮፕላኖችን ድንገት የሚመታውን የነፋስ ለውጥ መከታተል ጀምሯል። የአውሮፓ የኅዋ ድርጅትም ኤዮለስ የተባለውን ሳተላይት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 አምጥቆ፥ እስከ 2023 ድረስ ከ320 ኪሎ ሜትር ከፍታ የዓለምን ነፋስ በሌዘር ሲለካ ነበር፤ ውጤቱም ለአየር ትንበያ ጠቅሟል። አበባችንና ሥጋችን በአውሮፕላን የሚሄድ ስለ ሆነ፥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ ለሚገነባው አዲስ አየር ማረፊያ ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ከመጀመሪያው እንዲታሰብበት ብናሳስብ ከሥራችን ውጪ ገባን አያሰኘንም።

እንግዲህ ሐሳባችንን በሦስት ነጥብ እናጠቃልላለን። አንደኛ፥ ማንኛውም የነፋስ ማመንጫ ውል ከመፈረሙ በፊት ነፋሱ በተርባይኑ ክንፍ ከፍታ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፥ በጋውም ክረምቱም ተጠቃሎ፥ እንዲለካ ይሁን፤ ለኪው ተርባይኑን የሚሸጠው ወገን ብቻ እንዳይሆን ይሁን። ሻጩ በራሱ ሚዛን ብቻ የመዘነውን ዕቃ የሚቀበል ነጋዴ በመካከላችን የለም።

ሁለተኛ፥ አስመጪዎቻችን ይህን መሣሪያ እንደ ተራ ዕቃ ሣጥኑን አስረክበው የሚሄዱበት እንዳይሆን እንለምናለን። የመፈተኛው የምስክር ወረቀት፥ መለዋወጫው፥ የሚጠግነውና መረጃውን የሚያነብበው የሠለጠነ ሰው አብሮ ይምጣ። ለሁሉም መግዛት አስፈላጊ አይደለም፤ አንዱ ሊዳር በኪራይ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየተዘዋወረ ብዙ ደንበኛ ሊያገለግል ይችላል። በጊዜያዊ ገቢ ሥርዓት አስገብቶ ልኬቱ ሲያበቃ የሚመልስም ሊኖር ይችላል። ይህ ለብልህ ወጣት ነጋዴ የተከፈተ አዲስ የሥራ መስክ ነው፤ የንግድ ምክር ቤቱም ጉዳዩን ለጉምሩክና ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ቢያስረዳ ደግ ነው።

ሦስተኛ፥ የተለካው ሁሉ በየመሣቢያው ተቆልፎ እንዳይቀር። በሕዝብ ገንዘብ ወይም በሕዝብ ስም በተገኘ ብድር የተለካ ነፋስ፥ ቁጥሩ በአንድ ቦታ ተጠብቆ ለሁሉም በእኩል የሚታይ ይሁን። የቡናና የሰሊጥ ዋጋ በግልጽ በመታየቱ ገበያው ምን ያህል እንደ ጠቀመው እናውቃለን፤ የነፋሱም ልኬት እንዲሁ ይሁን።

በአማርኛችን ሳይደክሙበት የተገኘ ገንዘብ «ነፋስ አመጣሽ» ይባላል። የአገራችን ነፋስ ግን እንዲሁ የሚገኝ ሲሳይ አይደለም፤ ብድር የተወሰደበት፥ የቡና ገበሬው ድካምና የላኪው ትጋት የሚከፍለው ሀብት ነው። ስለዚህ ነጋዴዎች ሆይ፥ የነፋስ ማመንጫ ሊገነባ ነው የሚል ዜና በሰማን ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንት ሜጋዋት ነው?» የሚል አይሁን። «በምን ተመዘነ? ማንስ መዘነው?» የሚል ይሁን።